ከአይጥ ወደ ሰው፦ የዕፀዋት ውሁዶች ለጉበት ስብ በሽታ ሕክምና

ከጉበት ሕዋሳት መካከል ከ5 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ የስብ ጠብታ ሲጠራቀም ጉበቱ ሰብቷል ይባላል። በዓለም ዙሪያ ከአዋቂዎች ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ይገመታል። አብዛኞቹ ምንም ስለማይሰማቸው መኖሩን አያውቁም፤ በሌላ ምክንያት በታዘዘ የአልትራሳውንድ ወይም የደም ምርመራ ድንገት ይደረስበታል። ይሁን እንጂ በአንዳንዶቹ ላይ ስቡ ብቻውን አይቀመጥም። ሕዋሳቱ ያብጣሉ፤ ብግነት ይከተላል፤ በቆሰለው ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ለዓመታት ሲደራረብ ሲሮሲስ ወደሚባለው የጉበት መጠጠርና መኮማተር፣ አልፎም ወደ ጉበት ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። በሽታው ለረጅም ጊዜ «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ» ሲባል ቆይቶ በ2023 እ.ኤ.አ. «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። የስሙ ለውጥ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ስም በሽታው ያልሆነውን ይናገር ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከስኳር በሽታ፣ ከውፍረትና ከደም ግፊት ጋር ያለውን ዝምድና በግልጽ ያስቀምጣል።

ለዚህ በሽታ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቀ አንድም መድኃኒት እስከ መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ አልነበረም። በዚያ ወር ሬስሜቲሮም፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ ተፈቀዱ፤ ሁለቱም የታሰቡት ብግነትና መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ጠባሳ ላለባቸው ነው፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። በመሆኑም ለብዙው ታማሚ ከሐኪሙ የሚሰጠው ምክር ዛሬም «ክብደትህን ቀንስ» የሚለው ነው። ይህን ሰምቶ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚቀጥለው ወደ ዕፀዋት ነው፤ ወደ እርድ፣ ወደ ጥቁር አዝሙድ፣ ወደ ሽፈራው ቅጠል፣ አቅም ካለው ደግሞ ወደ ታሸገ የጉበት «ማጽጃ» እንክብል። በዩኒቨርሲቲዎች የፋርማኮሎጂ ክፍሎችም የአገር በቀል ዕፅን ጉበት ጠባቂነት መፈተሽ የተለመደ የመመረቂያ ርዕስ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ያለውን ርቀት ነው፦ አንድ ዕፅ የአይጥን ጉበት ጠበቀ ማለት የሰውን የሰባ ጉበት ያክማል ለማለት ምን ያህል ይቀረዋል?

ስቡ ከየት ይመጣል?

በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ ምልክት የተደረገባቸውን አቶሞች ተጠቅመው በታማሚዎቹ ጉበት ውስጥ የተገኘውን ስብ ምንጭ ሲከታተሉ፣ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት ተለቅቆ በደም የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበቱ ራሱ በአብዛኛው ከስኳርና ከሌሎች ካርቦሃይድሬቶች የሠራው፣ 15 በመቶው ደግሞ ከምግብ በቀጥታ የደረሰ ሆኖ አገኙት።

ከእነዚህ ቁጥሮች የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። የችግሩ ትልቁ ምንጭ ከጉበት ውጭ ያለው የስብ ክምችት ነው። ኢንሱሊን ክምችቱን «ስብህን ያዝ» ብሎ የሚያዝበት ኃይል ሲዳከም፣ ስቡ ቀንም ሌትም ወደ ደም ይፈስሳል፤ ጉበትም መንገዱ ላይ ስላለ ይቀበላል። ስለዚህ በጉበት ውስጥ ብቻ ገብቶ ጎጂ ኦክሲጅን አዘል ቅንጣቶችን የሚያለዝብ ውሁድ፣ ማለትም አብዛኛው «አንቲኦክሲዳንት» የሚባለው፣ ቤቱ በጎርፍ ሲሞላ ወለሉን እንደሚወለውል ሰው ነው፤ ሥራው ከንቱ ባይሆንም ውኃው የሚገባበትን በር አይዘጋም። ክብደት መቀነስ ከሁሉም በልጦ የተገኘውም ሦስቱንም ምንጮች በአንድ ጊዜ ስለሚቀንስ ነው። በኩባ በተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 293 ታማሚዎች ለ52 ሳምንታት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ተከታትለው፣ ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ብግነቱ ጠፍቶላቸዋል፤ 45 በመቶዎቹ ደግሞ ጠባሳቸው ቀንሷል። ችግሩ ለዚህ የበቁት ከ293ቱ 29 ብቻ መሆናቸው ነው። መድኃኒት የሚፈለገው ለቀሩት ነው።

የተመረዘ አይጥ የሰባ ጉበት የለውም

በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች «ጉበት ጠባቂ» ተብለው የታተሙ አብዛኞቹ የዕፀዋት ጥናቶች የሚከተሉት አንድ ዓይነት አሠራር ነው። ለአይጦች የዕፁ ጭምቅ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ወይም ከፍተኛ መጠን ያለው ፓራሲታሞል ይሰጣቸዋል፤ በመጨረሻም ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱት ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ. የተባሉት ኢንዛይሞች ይለካሉ። ጭምቁን የወሰዱት አይጦች ኢንዛይም ዝቅ ካለ ዕፁ ጉበትን ጠበቀ ይባላል።

አሠራሩ ርካሽ፣ ፈጣንና በጥቂት መሣሪያ የሚከናወን ነው፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የሚፈትነው መመረዝን እንጂ ሜታቦሊዝምን አይደለም። ካርቦን ቴትራክሎራይድ በራሱ ያን ያህል ጎጂ አይደለም፤ ጎጂ የሚሆነው በጉበት ውስጥ ያለ ሳይቶክሮም የተባለ የኢንዛይም ቤተሰብ ወደ ነፃ ራዲካል ሲቀይረው ነው። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው። ብዙ የዕፀዋት ፖሊፊኖሎች ይህንኑ ኢንዛይም ያዳክማሉ። እንግዲህ ጭምቁ ከመርዙ በፊት ሲሰጥ መርዙ መርዝ እንዳይሆን ስለከለከለ ብቻ ውጤቱ ያማረ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከጉበት ፈዋሽነት ጋር ግንኙነት የለውም። በካርቦን ቴትራክሎራይድ በተመረዘ ጉበት ውስጥም ስብ መታየቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ጉበቱ ስቡን ወደ ደም መላክ ስላቃተው እንጂ ከልክ በላይ ስለመጣበት አይደለም። ሜቲዮኒንና ኮሊን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ከምግቡ በማስቀረት የሚፈጠረው ሌላው የታወቀ አሠራር ደግሞ አይጡን ያከሳዋል፤ ይህ ከሰዎቹ በሽታ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ወደ መጠን ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በእነዚህ ጥናቶች የተለመደው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የአይጥ ክብደት 400 ሚሊ ግራም ጭምቅ ነው። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ በተለመደው ስሌት ለ6.2 ሲካፈል ወደ 65 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ወደ 3.9 ግራም ጭምቅ ማለት ነው። ከደረቁ ቅጠል 10 በመቶው ብቻ ጭምቅ ሆኖ ቢወጣ ሰውየው በየቀኑ 39 ግራም ያህል ደረቅ ቅጠል፣ ለዓመታት፣ መውሰድ ይኖርበታል። ይህን ስሌት በውይይት ክፍላቸው የሚያቀርቡ ጥናቶች ጥቂት ናቸው።

ሲሊማሪን፦ አርባ ስምንት ሳምንት የፈጀ ጥያቄ

ከዕፀዋት ሁሉ በጉበት ስም የታወቀው በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበቅለው ኮሸሽላ መሰሉ እሾሃማ ዕፅ፣ ሲሊቡም ማሪያኑም ነው። ከፍሬው የሚገኘው የውሁዶች ድብልቅ ሲሊማሪን ይባላል፤ ዋናው አካሉም ሲሊቢን ነው። በአውሮፓ በመርዘኛ እንጉዳይ ለተመረዙ ሰዎች በደም ሥር ይሰጣል። በመመረዝ ጥናት ላይ ያለው ዝና ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ጥያቄው በሰባ ጉበት ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ነበር።

በማሌዥያ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ይህን በጥንቃቄ ጠይቋል። በባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ከጉበት በተወሰደ ቅንጣት፣ በሽታቸው የተረጋገጠ 99 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 700 ሚሊ ግራም ሲሊማሪን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፕላሴቦ፣ ይኸውም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን፣ ለ48 ሳምንታት ወሰዱ። አስቀድሞ የተወሰነው ዋና መለኪያ በአጉሊ መነጽር የሚታየው የበሽታ ነጥብ ቢያንስ በ30 በመቶ መቀነሱ ነበር። ሲሊማሪን ከወሰዱት 32.7 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 26.0 በመቶ ይህን አሟሉ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ጠባሳው የቀነሰላቸው ግን 22.4 በመቶ ከሲሊማሪኑ፣ 6.0 በመቶ ከፕላሴቦው ነበሩ።

ይህ ውጤት በሁለት መልክ ሊነበብ ይችላል፤ በተግባርም በሁለት መልክ ተነብቧል። የእንክብሉ ሻጭ ሁለተኛውን ቁጥር ይዞ «ጠባሳ ይቀንሳል» ይላል። ጥንቁቅ አንባቢ ግን ዋናው መለኪያ እንዳልተሳካና የጠባሳው ውጤት በሌላ፣ በትልቅ ሙከራ ሊፈተን የሚገባው ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ያስተውላል። በሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎች ላይ በ154 ሰዎች ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ሙከራም ሲሊማሪን የኤ.ኤል.ቲ.ን መጠን ከፕላሴቦ በተለየ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሲሊማሪን ጎጂ ሆኖ አለመገኘቱ በጎ ነገር ነው፤ ግን አለመጉዳት ማከም አይደለም።

ፕላሴቦው ለምን «ይሠራል»?

ከላይ በተጠቀሰው ሙከራ ፕላሴቦ ከወሰዱት ከአራት አንዱ መሻሻሉ ልብ ሊባል ይገባል። ይህ የተለየ ክስተት አይደለም። በሬስሜቲሮም ሙከራ፣ 966 ሰዎች በተሳተፉበት፣ ብግነቱ የጠፋላቸው ከፕላሴቦው ወገን 9.7 በመቶ ሲሆኑ ከመድኃኒቱ ወገን እንደ መጠኑ 25.9 እና 29.9 በመቶ ነበሩ። በሴማግሉታይድ ሙከራ ግን ፕላሴቦው ብቻውን 34.3 በመቶ ደርሷል፤ መድኃኒቱ 62.9 በመቶ።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ወደ ሙከራ የገባ ሰው ምግቡን መጠንቀቅ ይጀምራል። ኢንዛይሙ በጣም ከፍ ባለበት ቀን የተመረጠ ሰው በሚቀጥለው ልኬት ምንም ባይደረግለትም ወደ መካከለኛው ይመለሳል። ባዮፕሲ ራሱ ከጉበቱ 50,000ኛ ያህሉን ብቻ ስለሚያሳይ፣ መርፌው በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢዘዋወር ሌላ ሥዕል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለበት፣ ሠላሳ ሰው ዕፅ ወስዶ በሦስት ወር ኢንዛይሙ ቀነሰ የሚል ጥናት ስለ ዕፁ የሚነግረው ነገር የለም። በየመንደሩ «ይህን ጠጥቼ ድኛለሁ» የሚል ሰው ውሸታም አይደለም፤ መሻሻሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ያሻሻለው ምን እንደሆነ ግን እርሱም ሊያውቅ አይችልም።

የማይገባው ውሁድና የሚገባው ጉዳት

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን በላብራቶሪ ሳህን ላይ የማይነካው የሕዋስ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ይህ በጎነት መስሎ ይታያል፤ ለኬሚስቶች ግን የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት የታተመ ሰፊ ግምገማ፣ ኩርኩሚን በቀላሉ የሚፈርስና የፍተሻ መሣሪያዎችን የሚያታልል ውሁድ መሆኑን፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት መሆኑን አስረድቷል። ወጥ ውስጥ የገባ እርድ ማንንም አይጎዳም። አምራቾች ግን የመግባት ችግሩን ለመፍታት ኩርኩሚንን ከቁንዶ በርበሬ በሚገኘው ፒፔሪን ማጀብ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ታሪክ መጣ። በአሜሪካ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተል የምርምር መረብ በእርድ እንክብል ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መዝግቧል። አምስቱ ሆስፒታል ገብተዋል፤ አንዱ ሞቷል። ከአሥሩ ሰባቱ ኤች.ኤል.ኤ.-ቢ 35፡01 የተባለውን የዘር ምልክት የተሸከሙ ነበሩ፤ ይህም አደጋው በሁሉም ላይ እኩል እንዳልሆነ ይጠቁማል።

የወይን ቆዳ ውሁድ የሆነው ሬስቬራትሮልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአውስትራሊያ 20 ወፍራም የጉበት ስብ ታማሚ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ለ8 ሳምንታት በቀን 3,000 ሚሊ ግራም ሬስቬራትሮል ወይም ፕላሴቦ ተሰጣቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት የጉበታቸው ስብ አልቀነሰም፤ የጉበት ኢንዛይሞቻቸው ግን ከፍ አሉ። ከአረንጓዴ ሻይ የሚገኘውን ካቴኪን በተመለከተም የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ከጉበት ኢንዛይሞች መጨመር ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። በሲኒ የሚጠጣ ሻይና በእንክብል የተጠራቀመ ጭምቅ አንድ ነገር አይደሉም።

በርበሪን

ከዕፀዋት ውሁዶች መካከል በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ የተሻለ ውጤት ያሳየው ምናልባት በርበሪን ነው። ቢጫ ቀለም ያለው አልካሎይድ ሲሆን ከበርቤሪስ ቁጥቋጦዎችና በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለተቅማጥ ከሚውለው ከኮፕቲስ ሥር ይገኛል። በሕዋስ ውስጥ የኃይል እጥረት ምልክት የሆነውን ኤ.ኤም.ፒ.ኬ. የተባለ ኢንዛይም ያነቃል፤ ይህም ጉበቱ አዲስ ስብ መሥራቱን እንዲያቆም ያዝዛል። እንግዲህ ቢያንስ ከሦስቱ ምንጮች አንዱን፣ 26 በመቶ የሚሆነውን፣ ይነካል ማለት ነው።

በቻይና 184 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ ብቻ በተሰጣቸው የጉበት ስብ በ36.4 በመቶ ሲቀንስ፣ በዚህ ላይ በቀን 1.5 ግራም በርበሪን በተጨመረላቸው በ52.7 በመቶ መቀነሱን ዘግቧል። ሙከራው ፕላሴቦ አልነበረውም፤ 16 ሳምንታት ብቻ ቆይቷል፤ ጠባሳንም አልመዘነም። የበርበሪን ድክመት የመግባቱ ነገር ነው፦ ከተዋጠው ከ1 በመቶ በታች ብቻ ወደ ደም ይደርሳል። ኬሚስቶች ይህን ለማሻሻል ከኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ጋር አዋህደው አዲስ ጨው ሠሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ የስኳር በሽታም በነበረባቸው 100 ሰዎች ላይ ለ18 ሳምንታት በተደረገ፣ ፕላሴቦ ያለው ሙከራ፣ ከፍተኛውን መጠን በወሰዱት የጉበት ስብ በ4.8 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ፤ በፕላሴቦው በ2.0። ጅምሩ መልካም ነው። ሆኖም እዚህ ላይ የተፈተነው የሥሩ ዱቄት ሳይሆን መጠኑ የተወሰነ፣ ንጽሕናው የተረጋገጠ ውሁድ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ብዙ ጊዜ በዚህ ዝርዝር የማይጠራ ሌላ የዕፀዋት ውሁድ አለ፤ ከአትክልት ዘይት የሚወጣው የተፈጥሮ ቫይታሚን ኢ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ስኳር በሽታ የሌለባቸውን 247 አዋቂዎች ለ96 ሳምንታት ተከታትሎ፣ በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ከወሰዱት 43 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 19 በመቶ በባዮፕሲ እንደተሻሻሉ አሳይቷል። ጠባሳው ግን በግልጽ አልቀነሰም። በሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ በቀን 400 ዩኒት የወሰዱ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር አደጋቸው በ17 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ ቫይታሚን ኢ ሐኪም መርጦ የሚያዝዘው እንጂ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚዋጥ አይደለም።

የፖም ሥር ልጣጭ ታሪክ

የዕፀዋት እውነተኛ አስተዋፅኦ ምናልባት የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. አውሮፓውያን ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ሥር ልጣጭ ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ውሁድ ለዩ። መራራነቱ ከኪና ልጣጭ ጋር ስላመሳሰለው መጀመሪያ የታሰበው ለትኩሳት ነበር። በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ውሁዱ በውሾች ሽንት ውስጥ ስኳር እንዲወጣ እንደሚያደርግ አስተዋለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፤ ፍሎሪዚን በኩላሊት ውስጥ ስኳርን ከሽንት ወደ ደም የሚመልሰውን በር ይዘጋል።

ይሁንና ፍሎሪዚን መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። ሲዋጥ አንጀት ውስጥ ያለ ኢንዛይም የስኳር ክፍሉን ቆርጦ ይጥለዋል፤ የአንጀትን የስኳር በርም ስለሚዘጋ ተቅማጥ ያመጣል። ኬሚስቶች የስኳሩን ክፍል ያያያዘውን የኦክሲጅን ድልድይ በካርቦን ተኩት፤ የአንጀት ኢንዛይም የካርቦኑን ድልድይ መቁረጥ አይችልም። በዚህ መንገድ ከተወለዱት መድኃኒቶች አንዱ ዳፓግሊፍሎዚን በ2012 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ለስኳር በሽታ ተፈቀደ። በ2025 እ.ኤ.አ. በታተመ የቻይና ሙከራ ደግሞ 154 የጉበት ስብና ብግነት ታማሚዎች ለ48 ሳምንታት ተከታትለው፣ ጠባሳቸው ሳይብስ የጉበታቸው ሁኔታ የተሻሻለላቸው ከዳፓግሊፍሎዚን 53 በመቶ፣ ከፕላሴቦ 30 በመቶ ሆነዋል። መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ በይፋ አልተፈቀደም፤ ነገር ግን ስኳሩን በሽንት በማስወጣት ካሎሪን ከሰውነት ስለሚያወጣ ከስቡ ምንጮች ከአንድ በላይ የሆኑትን ይነካል።

በስኳር በሽታ የታወቀው ሜትፎርሚንም ተመሳሳይ የዘር ሐረግ አለው። መነሻው ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የተባለው የአውሮፓ ዕፅ የያዘው ጋሌጂን ነው፤ ዕፁ ራሱ ለበጎች መርዝ ነው። ሜትፎርሚን በ1922 ተሠርቶ በ1957 ወደ ሕክምና ገባ። የደም ስኳርን በሚገባ ይቆጣጠራል፤ የጉበትን ብግነትና ጠባሳ ግን አያሻሽልም። የዘር ሐረግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ዕፅ ስለሆነ ብቻ

ቡናን በተመለከተ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚለው መረጃ አለ። በብሪታንያ 494,585 ሰዎች ለ10.7 ዓመታት ያህል ተከታትለው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት ቡና ጠጪዎች በሥር የሰደደ ጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ፣ በዚሁ የመሞት ዕድላቸው በ49 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ካፌይን የወጣለት ቡናም ተመሳሳይ ዝንባሌ አሳይቷል። ይህ ሰዎችን በመከታተል የተገኘ ዝምድና እንጂ ቡና መድኃኒት ነው የሚል ማስረጃ አይደለም፤ ስኳር ጠርቀም ተደርጎበት የሚጠጣ ሦስት ሲኒም ጉበቱ ስብ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ያቀብላል።

በአንጻሩ ደስ የማያሰኙ ሁለት የአገር ውስጥ ጉዳዮች አሉ። በሐረር በሁለት ሆስፒታሎች 150 ታማሚዎችንና 300 ማነጻጸሪያ ሰዎችን ያካተተ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ፣ ዝምድናውም እንደ ተቃመው መጠን እንደሚጨምር አሳይቷል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው፣ ሆድን በውኃ የሚሞላና ብዙዎችን የገደለ የጉበት በሽታ በመጨረሻ የተያያዘው አጄራተም በተባለ ከእህል ጋር በተቀላቀለ አረም ውስጥ ካሉ ፒሮሊዚዲን አልካሎይዶች ጋር ነው። እነዚህም የዕፀዋት ውሁዶች ናቸው። ተመሳሳይ አልካሎይድ በባህላዊ መድኃኒትነት በሚያገለግሉ ሌሎች ዕፀዋት ውስጥም ስለሚገኝ፣ አንድ ጭምቅ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ይህ መፈተሹ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ሐኪምም ኢንዛይሙ የጨመረበትን ታማሚ ሲጠይቅ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ቢለው ብዙ ጊዜ «የለም» ይባላል፤ የዕፅ ዱቄት በታማሚው ዘንድ መድኃኒት ስለማይባል ነው። «ለጤናህ ብለህ የምትጠጣው ወይም የምትቀቅለው ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል።

ለአገር ውስጥ ጥናት የሚቀረው

አንድ የመመረቂያ ጥናት አብሽን፣ ጥቁር አዝሙድን ወይም ሌላ ዕፅን ለሰባ ጉበት ለመፈተሽ ቢነሣ ካርቦን ቴትራክሎራይዱን ትቶ ስብና ፍሩክቶስ የበዛበት ምግብ ለወራት መስጠት ይሻለዋል። ይህ ከአንድ ሳምንት ሥራ ይልቅ አራትና አምስት ወር ይጠይቃል፤ የመኖና የአይጥ ቤት ወጪም አለው፤ አማካሪዎችና የጥናት ገንዘብ የሚመድቡ ክፍሎች ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። አይጦቹ ስንት ምግብ እንደበሉና ክብደታቸው እንዴት እንደተለዋወጠ በየሳምንቱ መመዝገብ አለበት። ብዙ ጭምቅ መራራ ነው፤ መራራ የቀመሰ አይጥ ደግሞ ትንሽ ይበላል፣ ይከሳል፣ ጉበቱም በዕፁ ሳይሆን በረሃብ ይሻሻላል። ይህን ለመለየት ያንኑ ያህል ምግብ ብቻ የሚሰጠው ተጨማሪ ቡድን ያስፈልጋል። ከኢንዛይሙ ባሻገር በጉበቱ ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ መለካት፣ ቅንጣቱም ለየትኛው ቡድን እንደሆነ በማያውቅ የፓቶሎጂ ባለሙያ መታየት አለበት።

በሰው ላይ የሚደረገው ሥራ ባዮፕሲ ባይኖርም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። ፋይብሮስካን ያላቸው የሕክምና ተቋማት የጉበትን ስብና ጥንካሬ ያለ መርፌ ይለካሉ። መሣሪያው በሌለበት ደግሞ ፊብ-4 የተባለው ስሌት ከተለመደ የደም ምርመራ ይገኛል፦ ዕድሜ በኤ.ኤስ.ቲ. ተባዝቶ፣ የፕላትሌት ብዛት በኤ.ኤል.ቲ. ካሬ ሥር ተባዝቶ ለተገኘው ይካፈላል። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ ከፍተኛ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። የዕፅ ዱቄት እየወሰዱ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ታማሚዎችን ክብደት፣ የወሰዱትን ዕፅ ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም ይህን ቁጥር በየስድስት ወሩ መመዝገብ የሚጠይቀው አንድ ቅጽና የሚሞላው ሰው ብቻ ነው።